የተጓዥ ጥያቄዎች፦ ናሙናው መቼ ይሰጥ? ሰዓቱስ ከየት ይቆጠር?

እንግሊዝ መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተጓዦች የኮቪድ ምርመራ መጠየቋን ጨርሳ ተወች። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእሷ ቀድማ የካቲት 26 ቀን አንሥታለች። ካናዳ ከመጋቢት 23 ጀምሮ ሙሉ ክትባት ለወሰዱ እንደምታነሣ አስታውቃ ነበር። አሜሪካ ግን የአንድ ቀን ምርመራዋን ያኔ ገና አልለቀቀችም ነበር፤ ያነሣችው በሰኔ 2014 ነው። አንዱ ሲያላላ ሌላው ሲያጠብቅ ትኬት የቆረጠ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም ነበር። ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮና ከሌሎች የመሐል ከተማ ሰፈሮች ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ የተደጋገሙትን መርጠን መልሰናል። መልሶቹ በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ ይህ እትም ማተሚያ ቤት እስከገባበት ቀን ይሠራ የነበረውን ደንብ የተከተሉ ናቸው፤ እነዚህ የኮቪድ ደንቦች ከዚያ ወዲህ ስለተነሡ ዛሬ አይሠሩም። ከጉዞው በፊት ደንቡን ራስዎ እንዴት እንደሚያረጋግጡ በመጨረሻው መልስ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ልጄን ልጠይቅ ወደ ዋሽንግተን እሄዳለሁ። ትኬቴ ላይ «ኤፕሪል 8፣ 00:30» ይላል፤ የትኬት ቢሮዋ ልጅ «ሐሙስ ማታ ነው የሚበሩት» አለችኝ። ምርመራው ከአንድ ቀን በፊት ነው ስለተባልኩ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልመረመር ነው። ልክ ነኝ? (ወ/ሮ አ.፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ ወ/ሮ አ.፣ ረቡዕ አይመርመሩ፤ ያ ወረቀት ቦሌ ላይ አያሳልፍዎትም።

00:30 በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቤተሰብ ሐሙስ ማታ ሸኝቶ ስለሚመለስ የሐሙስ በረራ ይባላል እንጂ፣ ትኬቱ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ በረራዎ የዓርብ ነው፤ ኤፕሪል 8፣ በእኛ መጋቢት 30። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከኅዳር 27 ቀን 2014 ጀምሮ ያስገደደው ደንብ ይቆጥር የነበረው በቀን ነው፣ በሰዓት አይደለም። በረራው ዓርብ ከሆነ ናሙናው ሐሙስ ወይም በዕለቱ ዓርብ የተወሰደ መሆን አለበት። ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ የሰጡት ናሙና ሐሙስ ማታ ቦሌ ሲደርሱ ገና አንድ ቀን የሞላው ይመስላል፤ በደንቡ ግን በረራውን በሁለት ቀን ቀድሟል። አውሮፕላኑ የሚነሣው ሐሙስ 23:00 ላይ ቢሆን ኖሮ የረቡዑ ናሙና ይበቃዎት ነበር። የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት አንድ ሙሉ የምርመራ ቀን ያሳጣል ማለት ነው። ስለዚህ የትኬቱን ቀንና ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተጻፈ ይያዙት፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልሱት ላብራቶሪ ቀጠሮ ሲይዙ ብቻ ይሁን።

ለእርስዎ የሚመቸው ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ግድም መመርመር ነው። አሜሪካ ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ መል በማሽን የሚፈልገው ምርመራ) ብቻ አትልም ነበር፤ በጤና ተቋም የተሠራ ፈጣን የአንቲጅን ምርመራም ትቀበል ነበር። ውጤቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ስለሚታወቅ ጊዜው ለጠበበ ሰው ከፒሲአር ይልቅ ይህ ይሻለዋል። ፒሲአር ማሽኑ ላይ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ ናሙናው ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ላብራቶሪ መጓዝ፣ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ተጠራቅሞ ተራ መጠበቅና ከመጫኑ በፊት መዘጋጀት አለበት። ፒሲአር ከመረጡ ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይላካል? ዛሬ የመጨረሻው ናሙና ማሽን ላይ የሚጫነው በስንት ሰዓት ነው? «በ24 ሰዓት ይደርሳል» የሚል መልስ ለአሜሪካ ተጓዥ አይሆንም።

ወረቀቱን ሲረከቡ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። አምስት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የምርመራው ዓይነት፣ የላብራቶሪው ስም፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ሙሉ ስምዎ ከልደት ቀን ወይም ከፓስፖርት ቁጥር ጋር፣ እና ውጤቱ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። አንዳንድ ላብራቶሪ ውጤቱ የታተመበትን ቀን ብቻ ያወጣል፤ አየር መንገዱ የሚፈልገው ግን ናሙና የሰጡበትን ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎም ያጋጥማል። 2014 የሚል ወረቀት የያዘ ሰው የውጭ አገር መቆጣጠሪያ ላይ የስምንት ዓመት አሮጌ ውጤት ያመጣ ይመስላል፤ እዚያው ያስለውጡት።

አንድ ነገር እንጨምር። ከጥቅምት 29 ቀን 2014 ጀምሮ አሜሪካዊ ያልሆነ ጎብኚ ከምርመራው በተጨማሪ የሙሉ ክትባት ማስረጃ ያስፈልገው ነበር፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 14 ቀን ማለፍ ነበረበት። እዚህ ይሰጡ የነበሩት አስትራዜኔካ፣ ጆንሰን፣ ሲኖፋርምና ፋይዘር ሁሉም ተቀባይነት ነበራቸው። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ይህ የክትባት ደንብ አይመለከተውም ነበር፤ ምርመራው ግን ለእሱም ግዴታ ነበር።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአንድ ትኬት፣ ከፍራንክፈርት ቺካጎ በሌላ ትኬት ቆርጠንላታል፤ ርካሽ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ምርመራዋ የሚቆጠረው ከቦሌ ነው ወይስ ከፍራንክፈርት? (ዳ.፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ ከፍራንክፈርት ነው፤ ርካሹ ትኬት የሚያስከፍለውም እዚህ ላይ ነው።

ጉዞው ሁሉ በአንድ የቡኪንግ ኮድ ከተያዘ፣ የመጨረሻ መድረሻው አሜሪካ ከሆነና በየመሐሉ ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ፣ አሜሪካ ቀኑን ትቆጥር የነበረው ከመጀመሪያው በረራ ነው፤ ቦሌ ላይ ያለቀ ምርመራ እስከ ቺካጎ ያደርስ ነበር። ትኬቱ ለሁለት ሲከፈል ወይም ቆይታው ከ24 ሰዓት ሲያልፍ ግን መነሻው አሜሪካ የሚያርፈው በረራ ይሆን ነበር። እህትዎ ከቦሌ የምትነሣው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ፣ ከፍራንክፈርት ደግሞ በማግስቱ ከሆነ፣ ከቦሌ በተነሣችበት ዕለት የሰጠችው ናሙና ለሁለቱም ይሠራል። ከዚያ አንድ ቀን የቀደመው አይሠራም። ሁለት ትኬት የያዘ መንገደኛ ሻንጣውን ለመውሰድ ጀርመን መግባት ሊኖርበት ስለሚችል ቪዛና የጀርመን የመግቢያ ደንብም ይከተላል። የትኬት ቢሮው ሁለቱን ወደ አንድ ቡኪንግ ማምጣት ከቻለ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ይሻላታል።

ካናዳ በዚህ ነጥብ ከአሜሪካ ተቃራኒ ነበረች። ቡኪንጉ አንድም ሆነ ሁለት፣ ትቆጥር የነበረው በቀጥታ ካናዳ ከሚያርፈው የመጨረሻ በረራ ነው። የአሜሪካን ደንብ ለካናዳ የሚያውል ሰው በአውሮፓ በኩል ረጅም ትራንዚት ካለው ጊዜው ያልፍበት ነበር።

በረራው በአየር ጠባይ ወይም በብልሽት ቢዘገይስ? የአሜሪካ ደንብ ከመንገደኛው አቅም ውጭ ለሆነ የመጀመሪያ በረራ መዘግየት ከተፈቀደው ቀን በላይ እስከ 24 ሰዓት ይታገሥ ነበር። በራስ ፈቃድ ቀን ለለወጠ ሰው ግን ይህ አይሠራም ነበር።

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ኮቪድ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ምንም አይሰማኝም። ለቶሮንቶ ጉዞ ፒሲአር ብመረመር «ፖዘቲቭ» ተባልኩ። ሌላ ቦታ ሄጄ ብደግመው ይሻላል? (መምህር ተ.፣ ሜክሲኮ)

መልስ፦ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ እየዞሩ ገንዘብዎን አይጨርሱ። ፒሲአር የሚፈልገው የቫይረሱን ዘረ መል ነው። ማሽኑ በየዙሩ ስለሚያባዛው ጥቂት ቁርጥራጭ እንኳ ከቀረ ያገኘዋል፤ የሞተ ይሁን ሕያው አይለይም። በዚህ ምክንያት ከዳነ ሰው ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ድረስ ፖዘቲቭ ሊያወጣ ይችላል። በተለያየ ቀን ቢመረመሩ አንዱ ነጻ፣ ሌላው ፖዘቲቭ የሚሆነውም የቀረው መጠን ከማሽኑ የማየት አቅም ዳርቻ ላይ ስለሆነ ነው፤ የላብራቶሪ ስሕተት ነው ብለው አይደምድሙ።

ሁነኛው መንገድ የማገገም ማስረጃ ነው። ካናዳ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን፣ ቢበዛ 180 ቀን በፊት የተወሰደ የፒሲአር ፖዘቲቭ ውጤት በኔጌቲቭ ፈንታ ትቀበል ነበር። የታመሙ ጊዜ የተሰጠዎትን የፒሲአር ወረቀት ከላብራቶሪው ያስወጡ፤ ሦስት ሳምንቱ በልኩ ውስጥ ነው። ያኔ የተመረመሩት በአንቲጅን ከነበረ አይሆንም፤ እንግዲያው የዛሬው የፒሲአር ፖዘቲቭ 10 ቀን እስኪሞላው መጠበቅ ወይም፣ ካናዳ ከየካቲት 21 ጀምሮ ትቀበለው ስለነበር፣ ከበረራው በፊት ባለው ቀን በባለሙያ የሚሠራ አንቲጅን መሞከር ነው። አንቲጅን የሚያየው ብዙ ቫይረስ ሲኖር ስለሆነ ከሦስት ሳምንት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ይሆናል። ትኩሳት ወይም ሳል ከተመለሰብዎ ግን ጉዞውን ትተው ሐኪም ይዩ።

ወደ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልግዎ ከጉዞው በፊት ባሉት 90 ቀናት የተገኘ ፖዘቲቭ ውጤትና ፈቃድ ያለው ሐኪም «መጓዝ ይችላል» ብሎ የፈረመበት ደብዳቤ ነበር። እዚያ የአንቲጅን ፖዘቲቭም ይሠራ ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ በተቋሙ አርማ ባለው ወረቀት ላይ፣ ከአድራሻና ከስልክ ጋር ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ካናዳ ከመጋቢት 23 ጀምሮ ካነሣች፣ መጋቢት 22 ማታ የምበረው እኔ ልመረመር ወይስ ልተወው? (ሄ.፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ደንቡ ያይ የነበረው የሚደርሱበትን ቀን ነው። ለውጡ የጀመረው ኤፕሪል 1 በቶሮንቶ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት 1 ደቂቃ ሲያልፍ ነው፤ በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያርፉ ከሆነና ሙሉ ክትባት ወስደው ከመጨረሻው መርፌ 14 ቀን ካለፈዎት ምርመራ አያስፈልግዎትም። ከዚያ ቀድመው የሚያርፉ ከሆነ ያስፈልግዎታል። በጠረፍ ላይ ያለ ቀን ስለሆነ አንቲጅን ተመርምሮ መያዝ አይከፋም።

የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፤ አራይቭካን የሚባለው የካናዳ መንግሥት መተግበሪያ ያኔ ገና አልተነሣም ነበር። ከመድረስዎ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ሞልተው የክትባት ማስረጃዎን ይጫኑበት። ማስረጃው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መሆን ነበረበት፤ ካርድዎ በአማርኛ ከተሞላ ሕጋዊ ትርጉም ያሠሩለት።

ጥያቄ፦ ዕቃ ላመጣ ዱባይ ነው የምሄደው። ሁለቴ ተከትቤያለሁ፤ ካርዴ ግን በእጅ የተጻፈ ነው። ይበቃኛል? (ነጋዴ፣ መርካቶ)

መልስ፦ በእጅ የተጻፈው አይበቃም። ከየካቲት 19 ቀን 2014 ጀምሮ ዱባይ ሙሉ ክትባት የወሰደን ሰው ያለ ፒሲአር ታስገባ ነበር፤ ነገር ግን ማስረጃው ኪው አር ኮድ ያለው መሆን ነበረበት። ኮድ ያለው ማስረጃ እስኪያወጡ ድረስ ፒሲአር ይመርመሩ፤ እሱም ኪው አር ኮድ ያለበትና ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት 48 ሰዓት ያላለፈው ይሁን። አንቲጅን ለዱባይ አይሠራም ነበር። ቆጠራው ከናሙናው ስለሆነ፣ ውጤቱ 20 ሰዓት ከፈጀ የሚተርፍዎ 28 ሰዓት ብቻ ነው።

ወረቀቱን ሲቀበሉ ኮዱን በራስዎ ስልክ ያንሡት። ሲከፈት የእርስዎን ስምና ውጤት የያዘ የላብራቶሪው ገጽ መምጣት አለበት። ስልኩ ላይ የሚመጣው የድርጅቱ ዋና ገጽ ወይም ባዶ ከሆነ ያሳውቁ፤ ውጤቱ ገና ሲስተም ላይ ሳይጫን ወረቀቱ ቀድሞ የሚታተምበት ጊዜ አለ። «ሳትመረመር ወረቀቱን ላሠራልህ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይራቁት። ኮዱ የሚጣራው ዱባይ ሲደርሱ ነው፤ ገንዘብዎን ከማጣት አልፎ ሐሰተኛ ሰነድ በመያዝ ያስጠይቅዎታል፤ አብረውዎት ለተሳፈሩትም አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አይልም፤ «አልተወሰነም» ይላል። ኔጌቲቭ ማለት ነው? (ሳ.፣ ለገሃር)

መልስ፦ አይደለም፤ የትኛውም አየር መንገድ እንደ ኔጌቲቭ አይቀበለውም። የፒሲአር ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረሱ ሁለት ወይም ሦስት የዘረ መል ክፍሎችን ይፈልጋል። አንዱ ታይቶ ሌላው ካልታየ ውጤቱ አይወሰንም፤ አዲስ የጀመረ ወይም እያለቀ ያለ ሕመም ሊሆን ይችላል። «ዋጋ የለውም» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይለያል። ማሽኑ ከቫይረሱ ጎን የሰውየውን የራሱን ዘረ መል ይፈልጋል፤ እሱ ካልተገኘ ጥጡ በቂ ናሙና አላነሣም ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ አዲስ ናሙና ይስጡ። ናሙና ሲሰጡ ራስዎን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ይታገሡ፤ ጥጡ አፍንጫ በር ላይ ተነካክቶ ከወጣ ለሁለተኛ ዙር ይዳርግዎታል። ከጉሮሮ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ አይብሉ፣ አይጠጡ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ሕፃንና የአራት ዓመት ልጅ ይመረመራሉ? (እናት፣ አምስት ኪሎ)

መልስ፦ ለአሜሪካ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይመረመርም ነበር፤ የአራት ዓመቱ ይመረመር ነበር። ካናዳ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን አትጠይቅም ነበር። ዕድሜው በጉዞው ቀን ይታይ፤ በመንገድ ላይ ልደቱ የሚውል ልጅ ካለ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ፓስፖርቴ ላይ ክርስቶስ የሚለው የአያቴ ስም በ«ኬ» ነው የሚጀምረው፤ የምርመራ ወረቀቱ ላይ በ«ሲ ኤች» ተጽፏል፣ የአባቴም ስም ቀርቷል። ችግር አለው? (ብ. ገ.፣ ስታዲየም)

መልስ፦ አለው፤ የአንድ ፊደሉ ልዩነት በፓስፖርት ቁጥርና በልደት ቀን ሊታለፍ ይችላል፤ የቀረ ስም ግን የሌላ ሰው ወረቀት ያስመስላል። ምንጩ መዝጋቢው ስምዎን ሰምቶ መጻፉ ነው። ስምዎን በቃል አይናገሩ፤ ፓስፖርቱን ገልጠው ከፎቶው ግርጌ ካሉት ሁለት የኮድ መስመሮች ላይ እንዲገለብጥ ያድርጉ። አየር መንገዱም የሚያነበው ያንኑ ነው። የልደት ቀንዎም እንደ ፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይግባ። አብዛኛው ላብራቶሪ በዕለቱ አርሞ ያትምልዎታል፤ ሲያርም ግን የናሙናው ቀን በእርማቱ ቀን እንዳይተካ ይዩ።

ጥያቄ፦ ደንቡ በየሳምንቱ የሚለወጥ ከሆነ ማንን እንመን? ቦሌ ላይ «አትሄድም» ቢሉኝስ ምን ማድረግ እችላለሁ? (ኤ.፣ ቦሌ መድኃኔዓለም)

መልስ፦ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞረውን ሠንጠረዥ አይመኑ፤ ሲወጣ ትክክል የነበረም ቢሆን ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የመድረሻው አገር መንግሥት ይፋ ገጽ፣ የአየር መንገድዎ ገጽ፣ እና የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) የጉዞ መረጃ። የመጨረሻውን ቸል አይበሉ። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሠራተኛ ሰነድዎን የምታመሳክረው ቲማቲክ ከሚባለው የአያታ የመረጃ ቋት ጋር ነው። ያልተፈቀደለትን ሰው የጫነ አየር መንገድ በራሱ ወጪ ይመልሳል፣ ይቀጣልም፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ጥርጣሬ ካላት አታሳልፍም። ትራንዚት የሚያደርጉበትን አገርም አብረው ያረጋግጡ። ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፤ ትኬት ሲቆርጡ እና ናሙና ሊሰጡ ሲነሡ። የሚገዛዎት የሚጓዙበት ቀን ደንብ ነው፣ ትኬት የቆረጡበት ቀን አይደለም።

ከተከለከሉ፣ ከመሟገትዎ በፊት የትኛው መስፈርት እንደጎደለ ሠራተኛዋ ቲማቲክ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንድታሳይዎ በትሕትና ይጠይቁ። «ምርመራህ አይሆንም» የሚል መልስ ብቻ ይዘው ቢመለሱ ነገ ያንኑ ስሕተት ይደግማሉ፤ ቀኑ ነው? ዓይነቱ ነው? ስሙ ነው? ስሙ ከሆነ ላብራቶሪው ደውለውለት የታረመውን በኢሜይል ሊልክልዎ ይችላል፤ ለዚህም ነው ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የሚያስፈልገው፣ የላብራቶሪውን የማታ ስልክ ቁጥርም ይዞ። ቀኑ ከሆነና መድረሻው አንቲጅን የሚቀበል ከሆነ፣ ቅርብ ያለ ላብራቶሪ ክፍት መሆኑን እዚያው ቆመው በስልክ ያጣሩ። ምንም ካልተቻለ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ትኬትዎ ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር ያስደርጉ። ዝም ብለው ወደ ቤት ከተመለሱ ሲስተሙ «ያልቀረበ መንገደኛ» ብሎ ይመዘግብዎታል፤ ያኔ ቅጣት ሊጨመር፣ የመመለሻው በረራም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። የተዛወረውን ትኬት በእጅዎ ሳይዙ አዲስ የምርመራ ቀጠሮ አይያዙ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከአዲሱ በረራ ነው።